ቅርፊቱ ምን ያህሉን ያሳልፋል? ድርብርብ ጠብታዎች በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ

በዲሴምበር 2023 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የሕክምና ውጤቶችን ፈቀደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አንደኛው ካስጌቪ የተባለው የሲክል ሴል በሽታ (በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ) ሕክምና ነው። በዚህ ሕክምና ከታማሚው የተወሰዱት ደም አመንጪ ግንደ ህዋሳት የዘረመል ማረሚያውን ወደ ውስጣቸው የሚቀበሉት፣ ሽፋናቸው በኤሌክትሪክ ፐልስ (እጅግ ለአጭር ጊዜ በሚላክ የኤሌክትሪክ ምት) ለአፍታ ተከፍቶ ነው። ሁለተኛው የልብ ምት መዛባትን የሚያክም ፐልስሴሌክት የተባለ መሣሪያ ሲሆን፣ የሚልካቸው አጫጭር ፐልሶች ለመዛባቱ ምክንያት የሆኑትን የልብ ህዋሳት ሽፋን መልሶ እንዳይጠገን አድርገው ይበሱታል። የሕክምናዎቹ ዓላማ የተለያየ ቢሆንም በሥራቸው ያለው ፊዚክስ አንድ ነው፤ በሌላ ፈሳሽ ውስጥ የተንሳፈፈ፣ በስስ ንብርብር የተከበበ ፈሳሽ የኤሌክትሪክ መስክ ሲያርፍበት ምን እንደሚሆን ማወቅ።

ይኸው ጥያቄ ከድፍድፍ ነዳጅ ውኃ የሚለዩ መሐንዲሶችንም ሆነ መድኃኒትን በጥቃቅን እንክብሎች የሚያሽጉ የኬሚስትሪ ባለሙያዎችን ከመቶ ዓመት በላይ ሲያነጋግር ቆይቷል። ብዙ ጊዜ መልሱ የሚፈለገው በቮልቴጁ መጠን ላይ ነው፤ መስኩ ከበረታ ጠብታው ይሰነጠቃል፣ ከደከመ ይተርፋል ተብሎ ይታሰባል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ቮልቴጁ ብቻውን ብዙ አይናገርም የሚል ነው። አንድ ዓይነት ቮልቴጅ እንደ ንብርብሮቹ ቅደም ተከተልና መስኩ እንደቆየበት ጊዜ የውስጡን ፈሳሽ ሊለጥጠው፣ ሊደፈጥጠው ወይም ጨርሶ ላይነካው ይችላል።

ድርብርብ ጠብታ ማለት ጠብታ በጠብታ ውስጥ ማለት ነው። እንደ እንቁላል አስኳልና በአስኳሉ ዙሪያ ያለ ንብርብር አለው፤ እዚህ ግን ሁሉም ክፍል፣ ቅርፊት የምንለው ጭምር፣ ፈሳሽ ነው። ዘይት በውኃ ተከቦ በሌላ ዘይት ውስጥ ሊንሳፈፍ ይችላል፤ ውኃም በዘይት ተከቦ በውኃ ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ሁለቱ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ መስክ ሲያርፍባቸው የሚያሳዩት ጠባይ ግን ፈጽሞ የተለያየ ነው። ለምን እንደሚለያዩ ለመረዳት በመጀመሪያ አንድ ንብርብር ያለውን ተራ ጠብታ ማየት ያስፈልጋል።

ጠብታን ክብ አድርጎ የሚይዘው የገጽ ውጥረት ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ሎርድ ሬይሊ በ1882 አንድ ጠብታ ሳይፈነዳ ሊሸከመው የሚችለው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ወሰን እንዳለው በስሌት አሳየ። በ1925 ደግሞ የፊዚክስ ሊቃውንቱ ሲ ቲ አር ዊልሰን እና ጄፍሪ ኢንግራም ቴይለር ካምብሪጅ ውስጥ የሳሙና አረፋዎችን በመስክ ውስጥ አስቀምጠው፣ ከተወሰነ የመስክ ጥንካሬ በኋላ አረፋው ጫፉ ሾሎ ሲፈነዳ ተመለከቱ። ቴይለር ወደ ጉዳዩ የተመለሰው ከአራት አስርት ዓመታት ገደማ በኋላ፣ በ1964 ነበር። በዚያ ሥራው ኤሌክትሪክ አስተላላፊ የሆነ ጠብታ ቁመቱ የወርዱን 1.9 እጥፍ ያህል እስኪደርስ ድረስ እየሞለለ እንደሚሄድ፣ ከዚያ በኋላ ሚዛኑን እንደሚያጣና ጫፎቹም ከማዕከላዊው መስመር በ49.3 ዲግሪ የተንጋደደ ሾጣጣ እንደሚሠሩ አስረዳ። አንድ ሚሊሜትር ሬዲየስ ያላት የውኃ ጠብታ አየር ውስጥ እዚያ ወሰን ላይ የምትደርሰው መስኩ ወደ 13 ኪሎቮልት በሴንቲሜትር ሲሆን ነው። ጠብታዋ ባነሰች ቁጥር የገጽ ውጥረቱ የሚፈጥረው ግፊት ስለሚያይል የሚያስፈልገው መስክ ይጨምራል፤ ሬዲየሷ ወደ ሩብ ሲወርድ መስኩ በእጥፍ መጨመር አለበት።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ መስክ ጠብታን ያሞልላል። ነገር ግን በ1962 አለንና ሜሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ዘይትን በሌላ ዘይት ውስጥ አንጠባጥበው መስክ ሲያሳርፉበት አንዳንዶቹ ጠብታዎች በመስኩ አቅጣጫ ከመሞለል ይልቅ ተደፍጥጠው ተገኙ። በወቅቱ የነበረው ንድፈ ሐሳብ ዘይቶቹን ፍጹም የማያስተላልፉ አድርጎ ስለሚቆጥር ይህንን ሊያስረዳ አልቻለም። መፍትሔው የመጣው በ1966 እንደገና ከቴይለር ነው። ፍጹም የማያስተላልፍ ዘይት የለም፤ ሁሉም በጥቂቱም ቢሆን ቻርጅ ያሾልካል፤ የሾለከው ቻርጅ ደግሞ በጠብታው ገጽ ላይ ይከማቻል። መስኩ ይህንን ቻርጅ ወደ ጎን ሲጎትተው ገጹ አብሮ ይንሸራተታል፤ በዚህም የተነሳ በጠብታው ውስጥም ሆነ ውጭ ፈሳሹ መሽከርከር ይጀምራል። ጠብታው የሚሞልለው ወይም የሚደፈጠጠው በሦስት ነገሮች ጣምራ ውጤት ነው፦ በሁለቱ ፈሳሾች የማስተላለፍ አቅም ንጽጽር፣ በዳይኤሌክትሪክ ባሕርያቸው (ቻርጅ ሳያሳልፉ ለመስኩ በሚሰጡት ምላሽ) ንጽጽር፣ እና በዝልግልግነታቸው።

ለዚህ ፈተና ቤተ ሙከራዎች በተደጋጋሚ የሚጠቀሙት የጉሎ ዘይትንና የሲሊኮን ዘይትን ነው። እኛ ዘንድ ምጣድ ማሰሻ የሚሆነው የጉሎ ፍሬ የሚሰጠው ይህ ወፍራም ዘይት ከሲሊኮን ዘይት ይልቅ ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። የጉሎ ዘይት ጠብታ በሲሊኮን ዘይት ውስጥ ሲሆን ይሞልላል፤ የሲሊኮን ዘይት ጠብታ በጉሎ ዘይት ውስጥ ሲሆን ይደፈጠጣል። ፈሳሾቹ እነዚያው ሁለቱ ናቸው፤ የተቀየረው የትኛው የትኛውን እንደከበበ ነው።

አሁን ሁለተኛውን ንብርብር እንጨምር። አስኳሉ ትንሽ ነው ብንል፣ በቅርፊቱ ውስጥ የሚኖረው መስክ የሚወሰነው ቅርፊቱ ከውጪው ፈሳሽ አንጻር ስንት እጥፍ እንደሚያስተላልፍ ነው፤ ስሌቱም 3ን ለዚህ ንጽጽርና ለ2 ድምር ማካፈል ነው። ቅርፊቱ ከውጪው አሥር እጥፍ የሚያስተላልፍ ከሆነ ወደ ውስጥ የሚገባው መስክ ሩቡ ብቻ ነው። በፈሳሽ ገጽ ላይ የሚያርፈው የኤሌክትሪክ ግፊት ከመስኩ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ አስኳሉ የሚደርሰው ግፊት መስኩ ሳይቀነስ ቢደርሰው ኖሮ ከሚያርፍበት አንድ አሥራ ስድስተኛው ይሆናል። ቅርፊቱ ጨዋማ ውኃ፣ ውጪው ደግሞ ዘይት ሲሆን ንጽጽሩ በሚሊዮኖች ስለሚቆጠር አስኳሉ ዘንድ የሚደርሰው መስክ ከምንም አይቆጠርም፤ ውኃው እንደ ብረት ሣጥን ይጋርደዋል። በተቃራኒው ቅርፊቱ ከውጪው ፈሳሽ በጣም ያነሰ የሚያስተላልፍ ከሆነ መስኩ በውስጡ እስከ አንድ ተኩል እጥፍ ይጨምራል። እንግዲህ ዘይት በውኃ በዘይትና ውኃ በዘይት በውኃ ላይ አንድ ዓይነት ቮልቴጅ ማሳረፍ አንድ ዓይነት ሥራ እንደ መሥራት ሊቆጠር አይችልም።

ይበልጥ የሚያስገርመው ግን የአስኳሉ ቅርጽ ነው። የሲሊኮን ዘይት አስኳል በጉሎ ዘይት ቅርፊት ተከቦ እንደገና በሲሊኮን ዘይት ውስጥ ተንሳፍፏል እንበል። የውጪው ገጽ ከላይ እንዳየነው በመስኩ አቅጣጫ ይሞልላል። አስኳሉ ግን በጉሎ ዘይት ውስጥ ያለ የሲሊኮን ጠብታ ስለሆነ መደፍጠጥ ይፈልጋል። ሁለቱ ገጾች በአንድ መስክ ውስጥ ሆነው ወደተለያየ አቅጣጫ ይለወጣሉ። በቅርፊቱ ውስጥ ያለው ዝውውርም ይህንኑ ያግዛል። የውጪው ገጽ ፈሳሹን ከወገቡ ወደ ሁለቱ ጫፎች ይነዳዋል፤ ጫፍ ላይ የደረሰው ፈሳሽ መሄጃ ስለሌለው በማዕከላዊው መስመር ወደ ውስጥ ይመለስና አስኳሉን ከላይና ከታች ይጫነዋል። ስለዚህ ወደ አስኳሉ የሚደርሰው መስክ እጅግ ደካማ ቢሆን እንኳ፣ በፈሳሹ እንቅስቃሴ በኩል የሚመጣ ጉልበት አለ። መስኩ የማይደርስበት ቦታ ሁሉ የተረጋጋ ነው ብሎ የሚያስብ ንድፍ አውጪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የቅደም ተከተሉን ተቃራኒ ብንወስድ፣ ማለትም የጉሎ አስኳል በሲሊኮን ቅርፊት በጉሎ ዘይት ውስጥ ብናደርግ፣ ውጪው ይደፈጠጣል፣ ውስጡ ይሞልላል። የሚሞልለው አስኳል ጫፎች ወደሚደፈጠጠው ቅርፊት ጣሪያና ወለል ይጠጋሉ፤ ቅርፊቱም በሁለቱ ጫፎች እየሳሳ ይሄዳል። አስኳሉን ከቅርፊቱ አውጥቶ መልቀቅ ለሚፈልግ ሰው ይህ ቅደም ተከተል ይመቻል፤ ለማቆየት ለሚፈልግ ግን አደጋ ነው።

በንድፈ ሐሳብ ሥራዎች ላይ ያለኝ ቅሬታም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ስሌቶቹ ባብዛኛው አስኳሉ ልክ መሐል ላይ እንደተቀመጠ ይቆጥራሉ፤ ሒሳቡ እንዲያ ሲሆን ንጹሕ ይሆናል። በተግባር ግን አስኳሉና ቅርፊቱ ክብደታቸው እምብዛም እኩል ስለማይሆን አስኳሉ ወይ ይንሳፈፋል ወይ ይዘቅጣል፤ ቅርፊቱም በአንድ በኩል ወፍራም በሌላው በኩል ስስ ይሆናል። እንዲህ ባለ ጠብታ ላይ መስክ ሲያርፍ ሁለቱ ገጾች የሚገናኙት ቅርፊቱ በሳሳበት በኩል ነው፤ አስኳሉም በዚያው ይወጣል። የመሰበሪያውን መስክ አስኳሉ መሐል ላይ ነው ብሎ ያሰላ ሰው፣ ጠብታው ካሰበው ቀድሞ ሲሰበር ያያል።

ደግነቱ መስኩ ራሱ ይህንን ጉድለት ሊያርም ይችላል። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የሚገኘው የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2008 ባሳተሙት ሥራ፣ ተለዋዋጭ (አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚሄድ) የኤሌክትሪክ መስክ የድርብርብ ጠብታን አስኳል ወደ መሐል ሊገፋው እንደሚችል አሳይተዋል። ያነሳሳቸው ምክንያት ከሕክምናም ከነዳጅም የራቀ ነው። ዩኒቨርሲቲው በሌዘር የኑክሌር ውህደት ምርምር የታወቀ ሲሆን፣ ሌዘሩ የሚያርፍባቸው ከፖሊመር የሚሠሩ ጥቃቅን እንክብሎች በመጀመሪያ የሚዘጋጁት እንደ ድርብርብ ጠብታ ነው። ጠብታው ሲደርቅ ግድግዳው በሁሉም በኩል እኩል ውፍረት ከሌለው እንክብሉ በሌዘር ሲጨመቅ ሚዛኑን ይስታል። አስኳሉን መሐል ማምጣት የሚቻለው ግን ፈሳሾቹ በጥንቃቄ ሲመረጡና የጥግግታቸው ልዩነት አነስተኛ ሲሆን ነው፤ ያለዚያ የመሬት ስበት ከመስኩ ይበልጣል።

መስኩ ተለዋዋጭ መሆኑ ወደ ጊዜ ጉዳይ ይወስደናል፤ በእኔ እምነት በዚህ የጥናት ዘርፍ ከሚገባው በታች ትኩረት ያገኘው ይህ ነው። ቻርጅ በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ተጉዞ ገጹ ላይ እስኪከማች ድረስ ጊዜ ይወስዳል። ለተጣራ ውኃ ይህ ጊዜ ጥቂት ማይክሮሰከንድ ሲሆን ለሲሊኮን ዘይት አሥር ሰከንድና ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። መስኩ ከዚህ ጊዜ በጣም በፈጠነ ሁኔታ አቅጣጫውን ከቀያየረ ቻርጁ ገጹ ላይ ሳይደርስ ይመለሳል፤ ያኔ የማስተላለፍ አቅም ትርጉም ያጣና የሚቀረው የዳይኤሌክትሪክ ባሕርይ ልዩነት ብቻ ይሆናል። በዘይት ውስጥ ያለ የተጣራ ውኃ ቅርፊት በቀጥተኛ መስክ ሥር አስኳሉን ሙሉ በሙሉ ይጋርደዋል፤ የመስኩ ድግግሞሽ ወደ ሜጋኸርትዝ (በሰከንድ ሚሊዮን ጊዜ) ሲያድግ ግን ከውጪው መስክ አንድ አሥረኛ ያህሉ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። ፈሳሾቹን ሳይነኩ፣ ቮልቴጁንም ሳይጨምሩ፣ ድግግሞሹን በመቀየር ብቻ ግርዶሹን መክፈትና መዝጋት ይቻላል ማለት ነው። የውጪው ፈሳሽ ውኃ በሚሆንበት ጊዜ ተለዋዋጭ መስክ የሚመረጥበት ሌላ ምክንያትም አለ፤ ቀጥተኛ ጅረት ውኃውን በኤሌክትሮዶቹ ላይ ወደ ጋዝ እየለወጠ ሙከራውን ያበላሻል።

ጠብታዎችን ለመሥራትም ለማፍረስም በመስኩ መጠቀም ተችሏል። በ2002 በስፔን የሚገኙት የሴቪያና የማላጋ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች አንዱ በሌላው ውስጥ ከተሰኩ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ሁለት የማይዋሃዱ ፈሳሾችን በአንድ ጊዜ አፍስሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ አሳረፉባቸው። የቴይለር ሾጣጣ እዚህ ድርብ ሆነ፤ ከጫፉ የሚወጣው ቀጭን ጅረትም እየተቆራረጠ ዲያሜትራቸው ከ10 ማይክሮሜትር እስከ 0.15 ማይክሮሜትር የሚደርስ እንክብሎችን ሰጠ። በማፍረስ በኩል ደግሞ ቀዳሚው አሜሪካዊው ኬሚስት ፍሬድሪክ ኮትሬል ነው፤ በ1911 ባስመዘገበው ፈጠራ በካሊፎርኒያ ድፍድፍ ነዳጅ ውስጥ የተበተኑ የውኃ ጠብታዎችን በኤሌክትሪክ መስክ አዋህዶ የመለየትን ዘዴ አስተዋወቀ። የነዳጅ ማጣሪያዎች ጨውን ከድፍድፍ ለማውጣት ዛሬም በዚህ መርህ ይሠራሉ። እዚህም ቢሆን መስክ መጨመር ሁልጊዜ አይጠቅምም። ኔቸር በተሰኘው መጽሔት ላይ በ2009 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ተቃራኒ ቻርጅ የተሸከሙ ጠብታዎች ከተወሰነ የመስክ ጥንካሬ በላይ ሲገናኙ ከመዋሃድ ይልቅ ነጥረው ይለያያሉ።

ወደ ህዋሱ እንመለስ። አስተላላፊ ፈሳሽ በውስጥ፣ አስተላላፊ ፈሳሽ በውጭ፣ መካከል ላይ 5 ናኖሜትር ያህል ውፍረት ያለው የማያስተላልፍ የቅባት ሽፋን፤ ህዋስ ውኃ በዘይት በውኃ የሚባለው ቅደም ተከተል እጅግ ቀጭን ቅርፊት ያለው ዓይነት ነው። አስኳሉ እዚህ ትንሽ ሳይሆን ህዋሱን ከሞላ ጎደል የሚሞላ ስለሆነ ቀደም ያየነው የአንድ ተኩል እጥፍ ወሰን አይሠራም፤ ቅርፊቱም የማያስተላልፍ በመሆኑ መስኩ በሙሉ እዚያው ላይ ይጠራቀማል። ሬዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ህዋስ በ1 ኪሎቮልት በሴንቲሜትር መስክ ውስጥ ቢቀመጥ፣ ከኤሌክትሮዶቹ ትይዩ በሆኑት ጫፎቹ ላይ በሽፋኑ ሁለት ገጾች መካከል የሚፈጠረው ልዩነት 1.5 ቮልት ይደርሳል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም በ5 ናኖሜትር ላይ ሲያርፍ ከውጪው መስክ 3000 እጥፍ የበለጠ ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ ቀዳዳ የሚያወጣው 1 ቮልት አካባቢና አንዳንዴም ከዚያ በታች ነው። የዘረመል ማረሚያውን የሚያስገቡት ባለሙያዎችም፣ የልብ ህዋሱን የሚገድሉት ሐኪሞችም የሚጠቀሙት በዚሁ መጉላት ነው። ስሌቱ ትልቅ ህዋስ ከትንሽ ህዋስ ቀድሞ እንደሚከፈትም ይናገራል፤ ልዩነቱ ከሬዲየሱ ጋር እኩል ያድጋልና።

ጊዜ እዚህም የራሱን ሥራ ይሠራል። የህዋስ ሽፋን በቻርጅ እስኪሞላ ድረስ ከመቶ ናኖሰከንድ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ፐልሱ ከዚያ ከረዘመ ሽፋኑ ይሞላና ውስጡን ይጋርዳል፤ ሥራው ሁሉ ውጪው ሽፋን ላይ ይቀራል። ካጠረ ግን ግርዶሹ ሳይዘጋ መስኩ ወደ ውስጥ ዘልቆ በህዋሱ ውስጥ ያሉትን በየራሳቸው ሽፋን የተከበቡ ክፍሎች ያገኛቸዋል። በቨርጂኒያ የኖርፎክ ከተማ ተመራማሪው ካርል ሾንባክና ባልደረቦቹ በ2001 ይህንኑ በሙከራ አሳይተዋል፤ እጅግ አጫጭርና ብርቱ ፐልሶች የህዋሱን ውጪ ሽፋን ሳያፈርሱ በውስጡ ባሉ ክፍሎች ላይ ለውጥ አምጥተዋል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር ቀላል ነው፣ ይሁንና በሕትመቶችና በማስታወቂያዎች ላይ ዘወትር አይታይም። በኤሌክትሪክ ፐልስ የሚሠራ ማንኛውም ሕክምና ወይም ምርት ሲቀርብ ቮልቴጁ ብቻ ተጽፎ መቅረብ የለበትም። የፐልሱ ርዝመትና ቅርጽ፣ ህዋሱ ወይም ጠብታው የተንሳፈፈበት ፈሳሽ ስንት እንደሚያስተላልፍ፣ የጠብታዎቹ መጠን በምን ያህል እንደሚለያይ፣ ቅርፊቱም ወጥ ውፍረት እንዳለው አብሮ ሊገለጽ ይገባል። እነዚህ ካልተገለጹ አንድ ሆስፒታል ወይም ፋብሪካ ያገኘውን ውጤት ሌላው በዚያው ቮልቴጅ ደግሞ ሊያገኘው አይችልም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣም ማንም ሊያውቀው አይችልም።